አቅም ያነሳቸውን አረጋዊ ስፔሻሊስት ዘንድ ማድረስ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አስታማሚዎች

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ አቅም ያነሳቸው እናት፣ አባት ወይም አያት የሚያስታምም ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ስፔሻሊስቱን የት አገኛለሁ የሚለው ነው። ከዚያ የሚከብደው ግን ከተገኘ በኋላ ያለው ነው። በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ሐኪሙ ፊት የሚቀመጡት ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ የሚወስዱትን መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ የቀድሞው የላብራቶሪ ውጤትም ቤት ከቀረ፣ ሐኪሙ «ይህን አሠርታችሁ ተመለሱ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ለጎልማሳ ሰው ድጋሚ መመላለስ ድካም ብቻ ነው። ለደከሙ አረጋዊ ግን እያንዳንዱ ጉዞ የመውደቅ፣ ውኃ የመጠማትና ግራ የመጋባት አደጋ አለው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያተኮረው ጉዞውን ማሳነስና የሄዱበትን ጉዞ ፍሬ ያለው ማድረግ ላይ ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች

የሚከተሉት ከታዩ የሪፈር ወረቀትና ቀጠሮ ሳይሉ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱ። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አላቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበትን ሰዓት ይጻፉ። «ጠዋት ነው» ማለት አይበቃም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። አፋቸው ላይ ውኃም መድኃኒትም አያድርጉ፤ መዋጥ ካቃታቸው ወደ ሳንባ ይገባል።

ወድቀው መነሳት ካልቻሉና አንደኛው እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ መገጣጠሚያ አጥንት ተሰብሯል ብለው ይውሰዱት። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ወጌሻ ይጠራል። ለወለምታ ይሁን ቢባል እንኳ ለዚህ ስብራት ወጌሻ ጉዳት ነው፤ ማሸቱ ሕመሙንና መድማቱን ያባብሳል፣ የሚያልፈው ጊዜም ቀዶ ጥገናውን ያከብዳል። በተቻለ መጠን ቀዶ ጥገናው በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። የተኙ አረጋዊን የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ ስብራቱ ሳይሆን ተኝተው ሲቆዩ የሚመጣው የሳንባ ምችና የደም መርጋት ነው።

በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በድንገት የመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት መያዝ፣ ድርቀት፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ነው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ይድናሉ።

ሽንት ከያዘና የታችኛው ሆድ ከተወጠረ፣ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ እንዲሁም ትኩሳት ካለ አይቆዩ። ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ሲባል ወባን፣ ደንጊንና ቺኩንጉንያን ያስባሉ፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ከተማዋን እንዴት እንዳዳረሳት ብዙ ቤተሰብ ያስታውሳል። ምርመራ እስኪሠራ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ይስጡ። ደንጊ ሆኖ ቢገኝ የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማት ያመጣሉ። አስፕሪን ለልባቸው በሐኪም የታዘዘላቸው ከሆነ ግን በራስዎ አያቁሙ፤ መውሰዳቸውን ለሐኪሙ ይንገሩ።

የመጀመሪያው በር፦ ጤና ጣቢያና የውስጥ ደዌ ሐኪም

የልብ ሐኪም፣ የነርቭ ሐኪም፣ የአጥንት ሐኪም እያሉ በየፊናው ከመዞር በፊት አንድ ሰብሳቢ ሐኪም ይያዙ። ለአረጋዊ ይህ ሰው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ቢሆን ጥሩ ነው። ካልተገኘ ጤና ጣቢያው ላይ በቋሚነት የሚያያቸው ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ይሁን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የልብ ሐኪሙ ግፊት ያወርዳል፣ የሽንት ሐኪሙም ግፊት የሚያወርድ የፕሮስቴት መድኃኒት ያዛል፣ የነርቭ ሐኪሙ የሚያደነዝዝ ይጨምራል። እያንዳንዱ በየራሱ ትክክል ነው፤ ሦስቱ ባንድ ላይ ግን እሳቸውን ሽንት ቤት በር ላይ ይጥሏቸዋል። ጠቅላላውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ከመኖሪያ ቤት መውጣት የከበዳቸው ከሆነ የቀበሌውን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያነጋግሩ። ግፊት የሚለኩት፣ ቤት ለቤት የሚጎበኙትና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚያገናኙት እነሱ ናቸው።

አንዳንዱ ስፔሻሊስት የሚፈለግበት ችግር ጤና ጣቢያ ላይ ያልቃል። አልሰማ ያለ ጆሮ ብዙ ጊዜ በኩክ የተደፈነ ጆሮ ነው፤ ሐረር ድረስ ከመውጣት በፊት ጤና ጣቢያው ውስጡን ይይላቸው። በተቃራኒው ሳይዘገይ መሄድ ያለበት የዓይን ሐኪም ነው። የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ብዙውን ጊዜ ዓይኑን ብቻ አደንዝዞ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚሠራና ለደካማ ሰውም የሚቻል ነው። የሚያይ ሰው ደግሞ መውደቁ ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን ራሱ ይለያል። አረጋውያን ከሚያገኙት የስፔሻሊስት ሕክምና ሁሉ ለድካሙ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጠው ይኸው ይመስለናል፤ ግን ሁልጊዜ ለኋላ የሚባለውም እሱ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ያለው አንድ ሳምንት

ቤት ውስጥ የሚሠሩ አራት መለኪያዎች አሉ። ከአንዳንድ ውድ ምርመራ የበለጠ ይናገራሉ።

ግፊት፦ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ፣ 5 ደቂቃ ቁጭ ብለው ካረፉ በኋላ ይለኩ። ከዚያ በተጨማሪ በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች 5 ደቂቃ ተኝተው ይለኩ፤ ቀጥሎ ተደግፈው ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ማዞሩና መውደቁ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። መቆም ካቃታቸው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጠው ይለኩና «ቁጭ ብለው» ብለው ይጻፉ። የግፊት መለኪያ ከሌለ በአቅራቢያ ያለ ክሊኒክ ወይም ፋርማሲ ይለካል፤ ነገር ግን ተኝቶና ቆሞ ይለካ ብለው ካልጠየቁ ቁጭ ብለው ብቻ ለክተው ይሸኟቸዋል።

ክብደት፦ በአንድ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ልብስ። ሳይፈልጉ በ6 ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱ ይነገር። 52 ኪሎ የነበሩ 49 ከገቡ አልፏል። ሚዛን ከሌለ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደተሻገረ፣ ቀለበቱ መውለቅ እንደጀመረ ይጻፉ።

እርምጃ፦ ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው እስኪቀመጡ በስልክ ሰዓት ይቁጠሩ። ከ12 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ሰው አጠገባቸው ይሁን።

ስኳር ያለባቸው ከሆነ የጠዋት ባዶ ሆድና ከእራት በፊት ያለውን ውጤት፣ በተለይም ላብ ላብ ያላቸውን፣ የተንቀጠቀጡበትንና ያለወትሮ የተነጫነጩበትን ሰዓት ይጻፉ።

አንዷ ወረቀት

ይህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። ሁለተኛ ገጽ አይነበብም። ይህን ትመስላለች፦

*ሴት፣ 78 ዓመት፣ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ። ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አፋን ኦሮሞና አማርኛ።*
*ጥያቄያችን፦ ሲነሱ ለምን ያዞራቸዋል? በ2 ወር 3 ጊዜ ወድቀዋል።*
*ከ6 ወር በፊት ብቻቸውን ገበያ ይሄዱ ነበር። አሁን ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ይደግፋቸዋል።*
*ክብደት ከ52 ወደ 49 ኪሎ።*
*የቆየ ሕመም፦ ግፊት 12 ዓመት፣ ስኳር 8 ዓመት፣ የጉልበት ሕመም።*
*መድኃኒት፦ ኢናላፕሪል 10 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚ.ግ. ጠዋት፤ ሜትፎርሚን 500 ሚ.ግ. ጠዋትና ማታ፤ ግሊቤንክላማይድ 5 ሚ.ግ. ጠዋት። ከፋርማሲ በራሳቸው፦ ዳይክሎፌናክ 50 ሚ.ግ. በሳምንት 4 ቀን ያህል።*
*ያልተስማማቸው መድኃኒት፦ የለም።*
*ግፊት፦ ተኝተው 142/80፤ ቆመው በ1ኛው ደቂቃ 116/68።*
*የአስታማሚ ስልክ፦*

ይህን ያነበበ ሐኪም ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መነሻ ያገኛል። ሲቆሙ ግፊታቸው በ26 ወርዷል፤ ሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ይጠረጠራሉ። የስኳር ክኒኑ ግሊቤንክላማይድ አረጋውያን ላይ ስኳርን በጣም ያወርዳል፤ ክብደት ለቀነሰና ምግብ ለቀነሰ ሰው ደግሞ ይብሳል። ዳይክሎፌናክ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲገናኝ ኩላሊት ይጎዳል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ውኃ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል። ወረቀቷ ባትኖር ግን «ያዞራቸዋል» የሚለው ቃል ብቻውን ለሲቲ ስካን ሊያስልካቸው ይችል ነበር።

ልብ ይበሉ፦ ጥያቄው አንድ ነው። «ሁሉ ነገር ያማቸዋል» ተብሎ የቀረበ ሰው ሁሉም ነገር በጥቂቱ ታይቶ ይመለሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ችግር ከታች በአጭሩ ይጻፍ፤ ጊዜ ከተረፈ ይነሳል።

መድኃኒቶቹ በፌስታል

ዝርዝሩ ቢኖርም መድኃኒቶቹን ራሳቸውን ከነማሸጊያቸው አንድ ፌስታል ውስጥ ይዘው ይሂዱ። ያለቀውን ካርቶን፣ ያቋረጡትን፣ ከጎረቤት የተዋሱትን፣ በመርፌ የወሰዱትን ማስታወሻ ጭምር። አንድ መድኃኒት በሁለት የተለያየ የፋብሪካ ስም እየተወሰደ መሆኑ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ «የሚቀነስ አለ ወይ» የሚለው ጥያቄ በራሱ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳይነገር ይቀራል። አንደኛው ጫት ነው። በአካባቢው ከቡና እኩል የተለመደ ስለሆነ ማንም እንደ መድኃኒት ታሪክ አያነሳውም። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ፕሮስቴት ላለባቸው ወንዶች ሽንቱን የባሰ ያከብዳል። በስንት ሰዓት እንደሚቅሙ፣ ከምን መድኃኒት ጋር እንደሚገጥም ይነገር። ሁለተኛው የቤት መድኃኒት ነው፦ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ለስኳር ተብሎ የሚጠጣ ቅጠል። ሐኪሙ ሊቆጣ ይችላል ብለው አይደብቁ። ረመዳንም ሆነ ሌላ ጾም የሚጾሙ ከሆነ ቀደም ብሎ ይነገር፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ይስተካከላል። ከጾሙ መሃል ላይ ስኳሩ ወርዶ ከመሮጥ ይሻላል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ የተከፈተው ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ ድሬዳዋ ላይ በመደርደሪያ የተቀመጠ ይህን ያልፋል። ፍሪጅ ከሌለ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ሌላ ትንሽ ማሰሮ ቀብረው ጥላ ውስጥ ማቆየት ይረዳል። በጉዞ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ሳይነካው ይያዝ። የቀዘቀዘ ሳይሆን በረዶ የሠራ ኢንሱሊን አይሠራም፤ ይጣላል።

ሪፈርና ቀጠሮ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ሽፋኑ የሚሠራው የሪፈር ቅደም ተከተሉን ሲከተሉ ነው። ከድንገተኛ ሕመም በቀር ጤና ጣቢያውን ዘሎ ሆስፒታል መሄድ ሽፋኑን ያሳጣል። አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ያልታደሰ ደብተር ካርድ ክፍል ሲደርሱ ነው ጉዱ የሚታወቀው፤ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ይመልከቱት።

የሪፈር ወረቀቱን ሲቀበሉ ከበሩ ሳይወጡ ያንብቡ። የተላኩበት ምክንያት፣ የተሰጠ ሕክምና፣ የተሠራ ምርመራ፣ የሚቀበለው ክፍል፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መኖር አለበት። ማኅተም ስለሌለው ብቻ ከመስኮት የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ፎቶ ያንሱት፤ ዋናው ወረቀት ሆስፒታሉ ጋ ይቀራል።

ከዚያ ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ ላይ የሚቻለው ምርመራ ከመሄድ በፊት እንዲሠራ ይጠይቁ፦ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ)፣ ስኳር፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የሽንት ምርመራ፣ ከተቻለ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ)። ስፔሻሊስቱ ያለነዚህ አይወስንም፤ ሳይዙ ከሄዱ የመጀመሪያው ቀን ለላብራቶሪ ብቻ ይውላል።

ሆስፒታሎች ሊያዞን የሚባል ክፍል አላቸው። ሪፈር የሚቀበለው፣ አልጋና ቀጠሮ የሚያገናኘው እሱ ነው። አረጋዊውን ይዘው ከመሄድ በፊት አንድ ጤነኛ የቤተሰብ ሰው ወረቀቱን ይዞ እዚያ ይሂድና አራት ነገር ይጠይቅ፦ የሚፈለገው ክሊኒክ የሚሠራው በሳምንቱ በየትኛው ቀን ነው? ሐኪሙ በዚያ ቀን ይኖራል? ካርዱን ቀድሞ ማውጣት ይቻላል? ዊልቸር የት ይገኛል? ሁለት ክሊኒክ የሚፈልጉ ከሆነ በአንድ ቀን እንዲገጥም ይጠይቁ። ሁሌ አይሆንም፤ ሲሆን ግን አንድ ሙሉ ጉዞ ያስቀራል። ሕይወት ፋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ተማሪና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ቀድመው ያያሉ፤ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። አንዷን ወረቀት ለእያንዳንዳቸው ይስጡ፣ መልሰውም ይቀበሉ።

የጉዞው ቀን

የጠዋት ቀጠሮ ይምረጡ። ድሬዳዋ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ ደካማ ሰው የሚቋቋመው አይደለም።

በባዶ ሆድ እንዲመጡ ካልታዘዙ ቁርስ በልተው ይውጡ። የደም ምርመራ አለ ብሎ ስኳር ያለባቸውን አረጋዊ እስከ ቀትር ማስራብ የተለመደ ስህተት ነው። ከምርመራዎቹ ብዙዎቹ ባዶ ሆድ አይፈልጉም፤ ይጠይቁ። በባዶ ሆድ መሆን ግድ ከሆነ የስኳር ክኒናቸውና ኢንሱሊናቸው እስከ ምግቡ ሰዓት ይቆይ፤ ደሙ እንደተቀዳ ወዲያው ይብሉ። ዳቦና ጣፋጭ ጭማቂ በቦርሳው ይኑር።

የሚያሸናውን ፉሮሴማይድ የሚወስዱ ከሆነ ከወሰዱ በኋላ ወደ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ሽንት ይመጣል። ለዚያ ቀን ሰዓቱን ወደ ቤት መመለሻ ማዘዋወር ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ጨርሶ መዝለል ግን ለልብ ሕመምተኛ አደጋ ነው። ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስና ፖፖ ይያዙ። የሆስፒታል ሽንት ቤት ብዙውን ጊዜ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፤ ጉልበት የሌለው ሰው እዚያ ይወድቃል። መነጽር፣ ከዘራ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የታጠፈ ጋቢ ለመቀመጫ። አግዳሚ ወንበር ላይ በየ20 ደቂቃው ትንሽ ከፍ አድርገው ያንቀሳቅሷቸው፤ ከሲታ ሰው ቶሎ ይቆስላል።

ባጃጅ ላይ ሲያስገቡ እግር ቀድሞ አይግባ። ጀርባቸውን ለመቀመጫው ሰጥተው ይቁሙ፤ ራሳቸው ከጣሪያው በታች እንዲያልፍ ትንሽ ጎንበስ ይበሉ፤ ይቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አንስተው ያስገቡላቸው። ሲወጡ በግልባጩ፦ እግር መጀመሪያ መሬት ይንካ፣ ለአንድ ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ይነሱ። አስታማሚው አጠገባቸው ይቀመጥ እንጂ ከሾፌሩ ጎን አይሁን።

ከጁገል፣ ከሐረር ግንብ ውስጥ የሚነሱ ከሆነ ባጃጅ በማይገባበት መንገድ በወንበር መሸከም ይጠይቃል። ፕላስቲክ ወንበር አይሁን፤ እግሩ ይሰነጠቃል። መደገፊያ ያለው የእንጨት ወይም የብረት ወንበር ይያዙ፣ ወገባቸውን በነጠላ ከመደገፊያው ጋር ያስሩ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያድርጉ። ጠንካራው ሰው መደገፊያውን ከኋላ፣ ሌላው የፊት እግሮቹን ይያዝ፤ ወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብል። ዳገት ቢሆን ቁልቁለት፣ ጀርባቸው ሁልጊዜ ወደ ላይኛው በኩል፣ እግራቸው ወደ ታችኛው በኩል ይሁን። ሦስተኛ ሰው ቀድሞ እየሄደ ድንጋዩን ይመልከት። ባጃጁ ቀድሞ ተጠርቶ ከቅርቡ በር፣ ሸዋ በር ይሁን ኤረር በር፣ ይጠብቅ።

ከድሬዳዋ ሐረር የሚወጡ ከሆነ መንገዱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,900 ገደማ ይወጣል። የደንገጎ ጠመዝማዛ ያስታውካል፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ቁርሱ ቀለል ይበል። ድሬዳዋ ላይ ላብ ያላባቸው ሰው ሐረር ሲደርሱ ይበርዳቸዋል፤ ሹራብ ይያዝ። ውኃ እንዳይጠጡ ካልታዘዙ በስተቀር በየሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ያጠጧቸው። ሽንት እንዳይመጣ ብሎ ውኃ መከልከል በብዛት የሚሠራ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግራ የሚጋቡትና ሲነሱ የሚወድቁት በዚህ ነው።

ሐኪሙ ፊት

አንድ ሰው ይግባ፤ ያም የዕለት ተዕለት አስታማሚው ይሁን። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣው ታላቅ ልጅ የሚከበር ቢሆንም ስንት ጊዜ ሌሊት እንደሚነሱ አያውቅም።

ጥያቄው ሲጠየቅ መጀመሪያ እሳቸው ይመልሱ። አስታማሚው ከዚያ ይሙላ። ጆሯቸው ከደከመ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ድምፅን ሳያቀጥኑ፣ ቀስ ብሎ መናገር ከመጮኽ ይሻላል። ሐኪሙ የማይናገረውን ቋንቋ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ፣ የሚናገሩ ከሆነ አስተርጓሚው ያሉትን እንዳሉት ይተርጉም፤ «ምንም አትልም፣ ደህና ነች» ብሎ አያሳጥር። ስለ ሽንት፣ ስለ መውደቅና ስለ ተስፋ መቁረጥ ልጅ ፊት የማይናገሩት ነገር ሊኖር ስለሚችል ለጥቂት ደቂቃ ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን ይተዋቸው።

ከመውጣትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁና መልሱን እዚያው ይጻፉ፦ የታሰበው ምክንያት ምንድን ነው? ይህ ምርመራ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ሕክምናውን ይቀይራል? የሚቆም መድኃኒት አለ? ከቀጠሮ በፊት የሚያስመልሰን ምልክት የትኛው ነው? ቀጣዩን ክትትል ጤና ጣቢያ ላይ ማድረግ ይቻላል? ሁለተኛውን ጥያቄ ማንሳት አይፈሩ። ውጤቱ ምንም የማይቀይር ኤምአርአይ ለደካማ ሰው ድካምና ወጪ ብቻ ነው፤ ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም።

ቀዶ ጥገና ከተባለ «ይሳካል ወይ» ብቻ አይጠይቁ። ከ3 ወር በኋላ መራመድ፣ ብቻቸውን ሽንት ቤት መሄድ ይችላሉ ወይ ብለው ይጠይቁ። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ያኔውኑ ይነገር። ውሳኔው ደግሞ የእሳቸው ነው። ቤተሰብ በደግነት ምርመራውን ከአረጋዊው ይደብቃል፤ ሐኪሙንም «እንዳትነግራት» ይለዋል። አእምሯቸው ንቁ የሆነ ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ እንዳያውቅ ማድረግ ግን ልክ አይደለም። ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ እሳቸውኑ ይጠይቁ።

ከተመለሱ በኋላ

በዚያው ቀን ማታ አንዷ ወረቀት እንደገና ትጻፍ፤ አሮጌዋ ትቀደድ። የቆመው መድኃኒት ከሌሎቹ ተለይቶ ይውጣ፤ ካልወጣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይወሰዳል። ኢናላፕሪልን የመሰለ መድኃኒት ወይም የሚያሸና ክኒን ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ክሬያቲኒንና ፖታሲየም መታየት አለበት፤ ሐኪሙ ባይናገርም ይጠይቁ። ለነርቭ ሕመም ወይም ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን የታዘዘላቸው አረጋዊ ሽንት ቢይዛቸው ወይም ቢዘባርቁ መድኃኒቱ ይጠርጠር። የስፔሻሊስቱን ወረቀት በሳምንት ውስጥ ለሰብሳቢው ሐኪም ያሳዩ።

ጨርሶ ከአልጋ የማይነሱ ከሆነ ሐኪሙን አስቀድመው ጠይቀው አስታማሚው ብቻውን ሊሄድ ይችላል፦ አንዷን ወረቀት፣ የአተነፋፈሳቸውን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ቁስል ካለ በብርሃን የተነሳ ፎቶ ይዞ። የማይታይ ሰው መድኃኒት አይታዘዝለትም የሚል ሐኪም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ጉዞው ያስፈልግ አያስፈልግ ለመወሰን ይህ ይበቃል።

አዲስ አበባ ከተላኩ

ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ሆስፒታል፣ የላኪው ሊያዞን ከተቀባዩ ጋር ተነጋግሮ ቀኑን ሳያረጋግጥ አይንቀሳቀሱ። ከድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪና ግን ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ስለሚሆን እግር ያብጣል፣ ደም ሊረጋ ይችላል። በመኪና ከሄዱ በየ2 ሰዓቱ ይውረዱ፤ መውረድ ካልቻሉ ቁርጭምጭሚታቸውን እያጠፉ እያቀኑ ያንቀሳቅሱላቸው። ለበረራ ዊልቸር የሚጠየቀው ትኬት ሲቆረጥ እንጂ ኤርፖርት ሲደርሱ አይደለም፤ በቅርቡ ሆስፒታል የተኙ ወይም ኦክስጅን የሚፈልጉ ከሆነ አየር መንገዱ የሐኪም ማረጋገጫ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከድሬዳዋ በእጥፍ ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው እዚያ ሲደርሱ ትንፋሽ ሊያጥራቸው ይችላል። ሐኪማቸው ይህን አይቶ ይፍቀድ፤ የደረሱበትንም ቀን ያሳርፏቸው።

የኤክስሬይና የሲቲ ስካን ፊልሙን፣ ካለም ሲዲውን፣ ይያዙ፤ የተጻፈው ውጤት ብቻ ስለማይበቃ ሳይኖር ሲቀር እንደገና ይነሳል። ሲመለሱ ደግሞ ለላኪው ሐኪም የሚሆን የሪፈር መልስ ወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ሳይቀበሉ ከሆስፒታሉ አይውጡ። ምን ተገኘ፣ ምን ተሠራ፣ የትኛው መድኃኒት እስከ መቼ እንደሚወሰድና ክትትሉ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ በማን እንደሚቀጥል ይጻፍበት።